በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ የነበረችው መብራት

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ ቤት አልተቃጠለበትም። በባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ስለሠራኋት አንዲት የጊታር ዕቃና ስለ ወንድሜ ቀኝ እጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አብራኝ ለምታድረው ልጅ ነግሬያት ነበር። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና «እና?» አለችኝ።  ምናልባት እኔ በችኮላ ስለነገርኳት ይሆናል። እስቲ ደግሞ ቀስ ብዬ ከመነሻው ልሞክር።

ወንድሜ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ የሠርግ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ከአንድ ባንድ ጋር ጊታር ይጫወታል። ባንድ ስል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ዘፋኝና የወንድሜ ጊታር ብቻ ነው። ትልልቅ ሰዎች «የቆሰበር ልጆች» ይሏቸው ነበር፤ የከተማችንን የድሮ ስም አሁንም አልተዉትም። ጊታሩ የባንዱ ቢሆንም የሚያድረው እኛ ቤት ነው። ክፍሉ ከእኔ ክፍል ጋር በቀርከሃ ግድግዳ ብቻ ስለሚለያይ፣ ያጠናሁትን ሁሉ ያጠናሁት እሱን እየሰማሁ ነው ማለት እችላለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ በዚያ ክረምት፣ ባጃጁ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። የወንድሜ ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ አሰረው፤ ቀጥሎ ሆስፒታል ሄዶ ጀሶ ተደረገለት። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ እጁ ግን የድሮው እጅ አልነበረም። ሻይ ሲይዝ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ እየተናወጠ ይፈሳል። ጥቂት ቀን እንዲህ ሆነና ብርጭቆውን በግራ እጁ መያዝ ጀመረ። እናታችንም እኔም እንዳላየን ሆንን። እሱም እንዳላየን መሆናችንን ያወቀ አይመስልም ነበር፤ ወይም አውቆ ዝም ብሏል።

የባጃጅ ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ እጅ ነውና ባጃጁን ለሌላ ሰው አስረከበ። የቀረው ጊታሩ ነበር። እሱም ቢሆን እንደ ድሮው አልሆነለትም። አንዱን ክር ሲመታ ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ይሆናል፤ ቀጣዩን ሲመታ ቤቱ ይደነግጣል። ጣቶቹ ዜማውን አልረሱትም፤ ጉልበታቸውን ግን መለካት አቅቷቸዋል። አንድ ቀን በግድግዳው ማዶ ሲያቆም ሰማሁና ገባሁ።

«ምነው ተውከው፣ ወንድምዓለም?»

«ጥር እየመጣ ነው፣ እታለም» አለኝ። «ቤት ውስጥ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ሠርግ ላይ ግን ሁሉም ይሰማል።»

«እና ቢሰማ?»

«ሌላ ልጅ ይፈልጋሉ። እኔም ብሆን እፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ምንድን ነኝ? ቤት ጠባቂ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከትምህርት ቤታችን አጥር ጥግ ኔትወርክ የሚይዝ አንድ ቦታ ነበር። እዚያ ቆሜ በስልኬ ስፈልግ ስለ ኮምፕሬሰር ያነበብኩት በዚያው ሳምንት ነው። የጊታር ኮምፕሬሰር በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መካከል የምትገባ ትንሽ ዕቃ ናት። ጠንካራ ድምፅ ሲመጣ ትጫነዋለች፤ ደካማ ድምፅ ሲመጣ ታነሳዋለች። ሹክሹክታውም ጩኸቱም እኩል ይሆኑና ይወጣሉ። ይህን ሳነብ ሌላ ሰው ለሌላ ነገር የፈለሰፋት ዕቃ መሆኗን ረሳሁ። ለወንድሜ እጅ ተብላ የተሠራች መሰለችኝ። የተሠራችውን መግዛት የማይታሰብ ስለነበር፣ የውስጥ ሥዕሏን በእጄ ገልብጬ ቅዳሜ ዳንግላ ወረድኩ።

ከመናኸሪያው በጋሪ ተሳፍሬ የሄድኩት አንድ የሬዲዮና የቴፕ መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴ ሱቅ ነው። ሰውዬው ጨዋታ ይወዳሉ። ሱቃቸው ውስጥ ከዕቃው ይልቅ ወሬ ይበዛል ይባልላቸዋል።

«ምን ልታዘዝ፣ ልጄ?»

«ኮምፕሬሰር ልሠራ ነበር» አልኳቸው።

«ኮምፕሬሰር?» ብለው በር ላይ ለተቀመጠው ጓደኛቸው ጮኹ። «ሰማህ? ጎሚስታ ልትከፍትብን ነው! ልጄ፣ የመኪና ጎማ የሚነፋው ከዚህ ማዶ ነው።»

«የጊታር ነው፣ ጋሼ። ድምፅ የሚያስተካክል።»

«ድምፅ የሚያስተካክል ካገኘሽ መጀመሪያ ለዚህ ለጓደኛዬ ግጠሚለት፤ ሲያወራ ሰፈሩን ይረብሻል።» ጓደኛየው «ያንተ አፍ ተዘግቶ ነው የኔ የሚሰማው?» ብሎ መለሰላቸው። ነጋዴው ግን እየሳቁ ሥዕሉን ተቀብለው በመነጽራቸው አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ኢንጂነር» ሆነ።

ድምፅ የምታጎላዋን ትንሽ ጥቁር ቁራጭ፣ አይሲዋን፣ ከሞተ ቴፕ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን ከአሮጌ ሬዲዮ፣ የገመድ መሰኪያዎቹን ከተሰበረ ማጉያ አወጡልኝ። በጣም የቸገረኝ አንድ ዕቃ ነበር፤ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ፣ ሲጨልምበት የሚከለክል፣ ከሽምብራ የማይበልጥ ነገር። እሱን ሲመሽ በራሱ ከሚበራ የተበላሸ የበር መብራት ውስጥ አገኙልኝ። ያልተገኘው በእግር የሚረገጠው ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው። ሙዚቀኛ ዕቃውን ሲፈልግ ረግጦ የሚያበራው፣ ሳይፈልግ ረግጦ የሚያጠፋው ማለት ነው።

«እሱን ከባሕር ዳር አስመጣልሻለሁ፣ ኢንጂነር። ሲመጣ እደውላለሁ።»

«እሱ ባይኖርስ ይሠራል?»

«እኔ ምን አውቄ! ሥዕሉ ያንቺ።»

ሥዕሉን ደጋግሜ አየሁት። ያለ ማጥፊያ ይሠራል። ሁልጊዜ የበራ ይሆናል እንጂ ይሠራል። ወንድሜ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲበራለት እንጂ እንዲጠፋለት አይፈልግም ብዬ አሰብኩ። ይህ ሐሳብ ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር። አሁንም ሳስበው ስህተቱን ከሩቅ ማየት የምችል አልነበርኩም እላለሁ፤ ቢሆንም ይቆጨኛል።

የፊዚክስ ላቦራቶሪውን መበየጃ መምህራችን ቅዳሜ ቅዳሜ እንድጠቀም ፈቀዱልኝ። የሥራው ልብ እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ አምፖልና ያቺ ብርሃን የምትለይ ዕቃ ፊት ለፊት ሆነው ጥቁር ቱቦ ውስጥ ይታሸጋሉ። ቱቦውን ከእስክሪብቶ ቆርጬ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኩት። ጊታሩ ሲጮህ አምፖሏ ደምቃ ትበራለች፤ በበራች ቁጥር ድምፁ ይጫናል። ጊታሩ ሲደክም አምፖሏ ትደበዝዛለች፤ ድምፁም ይለቀቃል። ማንም የማያያት መብራት ናት። ከታሸገች በኋላ እኔም አላየኋትም፤ ግን ወንድሜ በተጫወተ ቁጥር እዚያ ጨለማ ውስጥ እየበራችና እየደበዘዘች እንደሆነ ስለማውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁሉንም እናታችን ባዶ ባደረገችው የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። ባትሪውን ሳስገባ መጀመሪያ ምንም አልሰማ አለ። አንዱን ሽቦ ገልብጬ በይጄው ነበርና ፈትቼ አስተካከልኩት።

ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተጫወተ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱን መቆጣጠሪያዎች ቀስ እያልኩ አዞርኩ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ክሮቹ ሁሉ በአንድ አፍ መናገር ጀመሩ። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል። ከጓዳ የእናታችን ድምፅ መጣ።

«እጁ ዳነ እንዴ?»

 ወንድሜ፣ «አዎ እማዬ፣ እየዳነ ነው» አላት። እልልታዋን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብለን እውነቱን እንነግራታለን? እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ ቆርቆሮውን አየሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ ዕቃዋን ከማስተካከል በስተቀር ስለ እጁ አንድም ነገር ጠይቄው አላውቅም። ሕመሙ ይቀንስ ይሆን፣ ሐኪሙ ምን አለው፣ ሠርጉ ላይ ለመጫወት በእርግጥ ይፈልጋል ወይ፤ አንዱንም አልጠየቅሁትም። የሞከርናትም ሁልጊዜ ቤት ውስጥ፣ እሱ ሲጫወት ነው፤ ወደ ባንዱ ልምምድ ወስዷት አያውቅም። ዝም ሲል ምን እንደምታደርግ ለመስማት የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሁድ፣ ወደ አዘና በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር ባንዱ ለሠርግ ተጠራ። እኔም ገመድ ያዥ ነኝ ብዬ አብሬ ሄድኩ። የአጃቢዎቹ ፈረሶች በቀርከሃው አጥር ዙሪያ ታስረዋል፤ ጄኔሬተሩ ከዳሱ ጀርባ ያጓራል። ኪቦርድ የሚጫወተው የባንዱ መሪ ነው፤ የሰፈራችን ሰው፣ የወንድሜ የልጅነት ጓደኛ። ወንድሜ የመጀመሪያውን ዘፈን ሲጀምር ዞር ብሎ አየው።

«አንተ! ከየት ያመጣኸው እጅ ነው ይኼ?» ብሎ በሙዚቃው ላይ ጮኸ።

ወንድሜ በአገጩ ወደ ቆርቆሮው አሳየው። መሪው እኔን አይቶ ሳቀና እጁን ወደ ኪቦርዱ ልኮ አንድ ነገር ዝቅ አደረገ። ምን እንዳደረገ ያኔ አልገባኝም።

እንደዚያ ቀን አምሮበት ተጫውቶ አያውቅም። ትከሻ የሚመታው ሁሉ ወደ እሱ ዞሮ ነበር የሚመታው። አንዲት ሴትዮ መቀነታቸውን አጥብቀው እስኪላባቸው ጨፈሩና «ይኼ ልጅ ይባረክ!» አሉ። እኔ ከማጉያው አጠገብ ቆሜ የራሴ ሠርግ ይመስል ፈገግ እል ነበር።

ከምሳ በኋላ የምርቃት ሰዓት ሆነ። እኛ አገር ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሳ ሁሉም ይነሳል፤ ሙዚቀኛም ቢሆን መሣሪያውን እንደያዘ ይቆማል። ዕቃ መንካትና መነቃቀል ነውር ነው። የጊታር ተጫዋቾች በዚያን ሰዓት የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። ቀኝ መዳፋቸውን ክሮቹ ላይ አሳርፈው ድምፁን ያፍኑና አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ። ወንድሜም እንደ ሁልጊዜው እንዲሁ አደረገ።

ሽማግሌው በአዊኛ ነው የሚመርቁት፤ ቀስ ብለው፣ በየመሀሉ ለ«አሜን» ቦታ እየሰጡ። ዳሱ ጸጥ አለ። አንድ ጊዜ «አሜን» አልን። በሁለተኛው ጸጥታ ውስጥ ከማጉያው አንድ ነገር መሰማት ጀመረ። መጀመሪያ የጄኔሬተሩ እምታ መሰለኝ። ከዚያ ለየሁት። ብርድ የመታው ሰው ጥርስ ሲንገጫገጭ የሚመስል፣ ድርርር የሚል ድምፅ ነው። ቆርቆሮዋ ደካማ ድምፅ ስትሰማ ታነሳዋለች። ሌላ ምንም ድምፅ ስላልነበረ የቻለችውን ያህል አነሳችው። የወንድሜ እጅ ክሮቹ ላይ ሲንቀጠቀጥ ነበር የምንሰማው።

ሽማግሌው አቆሙ። «ይኼ የሚንቀጠቀጠው ምንድን ነው?» አሉ፣ በአማርኛ። «ማሽኑ ታመመ?»

ከአጃቢዎቹ አንዱ ጎረምሳ፣ «ማሽኑ አይደለም አባቴ፣ የልጁ እጅ ነው! እዩት!» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ወንድሜ ድምፁን ለማፈን መዳፉን አጠበቀው፤ ባጠበቀው ቁጥር እጁ የበለጠ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁም የበለጠ ጎላ። መዳፉን ቢያነሳ ክሮቹ ራሳቸው ይጮሃሉ፤ ግራ እጁ ደግሞ ጊታሩን ይዟል። እኔ ከማጉያው ሁለት እርምጃ ርቄ ነው የቆምኩት፤ ግን ምርቃት ላይ መንቀሳቀስ ነውር ነው የሚለው እግሬን ይዞኛል። በመጨረሻ የባንዱ መሪ እጁን ሰዶ ገመዱን ነቀለው። ማጉያው እንደ ጥይት ጮኸ። አንዱ ፈረስ ደንብሮ አጥሩን ሲገፋ ተሰማ።

ከዚያ የሆነው ከሳቁ ይብስ ነበር። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው። ምርቃታቸውን ጨርሰው ወንድሜን ወደ መሀል ጠሩት። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ይችን እጅ ይማርልህ፤ እንደ ድሮዋ ያድርግልህ» ብለው በሰው ሁሉ ፊት መረቁለት። ዳሱ በሙሉ «አሜን!» አለ። የሳቁትም ጭምር፣ ከልባቸው። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ተመልሶ ገመዱን በቀጥታ ማጉያው ላይ ሰክቶ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ሹክሹክታና ጩኸት። ሰዉ ይጨፍራል፤ ዓይኑ ግን እጁ ላይ ነው።

ስንመለስ ወንድሜ ከተሳፈርንበት መኪና ኋላ ላይ ቆርቆሮዋን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «ከምሳ በፊት ግን ድምፁ ጥሩ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«በጣም ጥሩ ነበር።»

«ሴትዮዋን አየሻቸው መቀነታቸውን ሲያጠብቁ?»

«አየኋቸው።»



ከዚያ በኋላ የሚያሾፍበት ሰው ብዙ አልነበረም። ባንዱን ለመጥራት የሚመጣ ሁሉ ግን ይጠይቃል። «ያ ልጅ እንዴት ነው? እጁ ተሻለው? አይ፣ እኛስ አናስቸግረው፤ ይረፍ፤ ሌላ ሰው ካላችሁ አምጡ።» ሁሉም ለእሱ አስበው ነው የሚሉት። እናታችን ወሬውን ከገበያ ሰማች። ለእሱ ምንም አላለችውም። እኔን ግን ጓዳ ጠርታ፣ «ያን ቀን እልል ስል ዝም ያላችሁት ለዚህ ነው?» አለችኝና መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የዳንግላው ነጋዴ ደወሉልኝ። «ኢንጂነር! ማጥፊያሽ ከባሕር ዳር ገባ። ረስቼሽ እንዳይመስልሽ።» ለፈተና የማጠናበት ሰዓት ነበር፤ ቢሆንም ሄድኩ። ስበይደው እጄ በጣም ይጠነቀቅ ነበር፤ አሁን ማንም የማይጠይቀኝን ነገር ለማስተካከል። ወንድሜ ረገጠው፤ ቀጭ አለና ጠፋች። ደግሞ ረገጠው።

«አሁን ለምርቃት ትሆናለች» አለኝና ፈገግ አለ። ሊያስደስተኝ ነው። ሁለታችንም ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዳችን ሌላውን ለማስደሰት ነበር የምንሠራው፤ እሱ ዕቃዋን የተቀበለው የሠራኋት እኔ ስለሆንኩ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የባንዱ መሪ ከዚህ በኋላ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። ወንድሜ ለምን እንደመጣ ሳይነገረው ገብቶታል። ጊታሩን ሊያመጣ ወደ ክፍሉ ሲገባ እኔና መሪው በር ላይ ቀረን።

«አንቺ እኮ ጥፋት የለብሽም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ቆርቆሮዋ ባትኖር ማንም አይሰማም ነበር።»

«እኔ ከመስከረም ጀምሮ እሰማ ነበር። ልምምድ ላይ አንዱን ክር ሲስተው ኪቦርዱን ከፍ አደርግና እሸፍነዋለሁ። ሠርጉንም እንደዚያው ልንወጣው ነበር ያሰብኩት። ያን ቀን ቆርቆሮዋ የምትበቃው መሰለኝና ዝቅ አደረግሁት።» ወደ ክፍሉ በር አይቶ፣ «እሱ እንዳያውቅ» አለኝ።

ያን ቀን ሠርጉ ላይ ዝቅ ሲያደርግ ያየሁት ነገር ምን እንደነበር እዚያ በር ላይ ቆሜ ገባኝ። ለወንድሜ ድምፅ የሚያስተካክልለት ሰው ቀድሞም ነበረው። መሪውን ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። እዚያው ሰፈር ነው የሚኖረው።

ወንድሜ ጊታሩን በጨርቅ ወልውሎ አወጣው። ከመስጠቱ በፊት ቆሞ ክሮቹን አንድ በአንድ ቃኘ፤ መቃኛውን የሚያዞረው በግራ እጁ ነው፤ ክሩን የሚነካው ግን በቀኙ ነበር። እንዳልሰማ ሰው ሆነን ሰማነው።

«ለአዲሱ ልጅ ተቃኝቶ ይድረሰው» አለ።

«ቆርቆሮዋንስ?» አለ መሪው።

«እሷ የእኔ ናት» አለው ወንድሜ። ባትሪዋን አውጥቶ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጣት። አሁንም እዚያው ናት፤ ለእረፍት ቤት ስሄድ አያታለሁ። ማዶው ክፍል ጸጥ ስለሚል ግን ማጥናት ያቅተኛል።

መሪው ጊታሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ወንድሜ እስከ አጥሩ በር ሸኝቶት ቀኝ እጁን አንስቶ ተሰናበተው፤ ባጃጇ ከማዕዘኑ እስክትታጠፍም አላወረደውም። እሁድ ነበር፤ ግንቦት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.።